ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ስንት ነው?



ወደ አገር ቤት ዘመድ ለመጠየቅ የሚነሡ ወገኖቻችን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በአውሮፕላንስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዱ መቶ ኪሎ ሜትር ነው ይለዋል፤ ሌላው መቶ ሰማንያ ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ትውላለህ» ብሎ ያስፈራዋል። የሚገርመው ሦስቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው። ልዩነቱ የለኩት በምን እንደሆነ ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ልኬቶች ለየብቻ ለማስረዳት እንሞክራለን። መርዶ ደርሶት ሰባቱ ቀን ሳያልፍ ከወገኖቹ ጋር ለመቀመጥ ለሚሮጥ ሰው፣ ወይም ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን እናቱን ይዞ ለሚሄድ ልጅ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለምና።

በመጀመሪያ በአየር ያለውን እንይ። ሁለቱ የአውሮፕላን ማረፊያዎች በካርታ ላይ በቀጥታ ቢለኩ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከቤር ሼባ ተነሥቶ ተል አቪቭ በመኪና የሚገባ ሰው የሚሄደውን ያህል ማለት ነው። ቀጥታው መስመር ጣናን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋርጠዋል። በዚህ መስመር ወደ ጎንደር የሚበር ሰው ሰማዩ ከጠራለት በግራው መስኮት ደቅ ደሴትን ቁልቁል ያያል።

በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚሠራው ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል። በዚህ ሒሳብ ከሄድን መቶ ኪሎ ሜትር የ10 ደቂቃ መንገድ ነው። በተግባር ግን እንዲህ አይሆንም። አውሮፕላኑ ከፍታውን እስኪይዝ ድረስ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ገና ሽቅብ ወጥቶ ሳይረጋጋ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፤ ከማረፉም በፊት ዞሮ ከሜዳው ጋር መስተካከል አለበት። ስለዚህ በአየር ላይ ያለው ጊዜ 20 ደቂቃ አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ይሆናል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ምክንያቱም የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ቦታ ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ በሌላው ከተማ እስኪቆም ድረስ ስለሆነ ነው። በአጭር በረራ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚበላው ምድሩ ነው፤ ሰማዩ ጥቂቱን ነው የሚወስደው።

ሆኖም እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው አሠራር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም እያረፈ እንደ አውቶቡስ ሰው እያወረደና እየጫነ ይሄድ ነበር። በዚያን ጊዜ ከባሕር ዳር ተሳፍሮ ጎንደር መውረድ የተለመደ ነገር ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ከተማ ከአዲስ አበባ ጋር በራሱ በረራ የተገናኘ ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትኬት በአዲስ አበባ በኩል የሚያዞር ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ ወደ 420። ሲደመር 750 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመቶ ኪሎ ሜትር ጎረቤት ዘንድ ለመድረስ ሰባት እጥፍ ተኩል መብረር ማለት ነው! እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በመካከሉ ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ሁለትም አራትም ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ቀኑን ሙሉ ትውላለህ» ያለው ሰው ይህን አይቶ የመጣ ነው።

ስለዚህ ትኬት የሚቆርጥላችሁን ሰው «በረራ አለ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ በረራማ አለ። «ሳይወርዱ የሚያደርስ ነው ወይስ በአዲስ አበባ የሚያዞር?» ብላችሁ ጠይቁት።

በመኪና ስንሄድ

መንገዱ ጣናን በምሥራቅ በኩል ስለሚዞረው ርዝመቱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሰላም በሆነበት ጊዜ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ከአካባቢው የወጣችሁ አንባቢዎቻችን መንገዱን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ ቢሆንም እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችሁ ብትነግሯቸው ደስ ይለናልና ዘርዘር አድርገን እንጻፈው።

ከባሕር ዳር ሲወጣ ዓባይን ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀው አዲሱ ሰፊ ድልድይ ለአሮጌው ዕረፍት ሰጥቶታል። ከዚያ ሐሙሲትን አልፎ የፎገራ ሜዳ ውስጥ ይገባል። ፎገራ ድሮ የምትታወቀው በከብቷ ነበር፤ ዛሬ ግን ግራና ቀኙ ሩዝ ነው። በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ስለሚያለብሱት ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ጣና ራሱ መንገዱ ድረስ የመጣ ይመስለዋል። ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወረታ ይደረሳል። እዚያ መንገዱ ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ሽቅብ ይሄዳል፣ የጎንደሩ ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ሜዳው ያልቅና ዳገትና ጠመዝማዛ ይጀምራል፤ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመውን ትልቅ ድንጋይ አይቶ የማይደነቅ ልጅ የለም። ከዚያ እንፍራዝ፣ ከዚያ ማክሰኝት፣ ጠዳ፣ አዘዞ፣ ጎንደር።

እንፍራዝ አጠገብ ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ የሚታየው ፍራሽ የጉዛራ ግንብ ነው። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ይባላል። ይህ ንጉሥ በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በስሜን ተራሮች አባቶቻችንን የወጋ ንጉሥ እንደሆነ ለልጆቻችን የሚነግር አስጎብኚ ብዙ አላየንምና ወላጆች ራሳችሁ ንገሯቸው።

መንገዱ ብዙዎቻችን በወጣንበት ዘመን ፒስታ ነበር። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው ተጓዡን ያለያየው ነበር፤ ዘመድ ከአውቶቡስ ሲወርድ ፊቱ ከአፈሩ አይለይም። አስፋልት የለበሰው ከዚያ በኋላ ነው። በጣና ላይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ የሚገባ መርከብ ነበር። ጎርጎራ ከደረሱ በኋላም እስከ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ስለሚቀር፣ የመርከቡ ጉዞ ጊዜ ለተረፈው ሰው እንጂ ለቸኮለ የሚሆን አልነበረም።

አሁን ሒሳቡን ከቤት እስከ ቤት እናስላው። የቀጥታ በረራ አግኝተናል እንበል። በረራው ሊነሣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ማረፊያው ላይ መገኘት ያስፈልጋል። የባሕር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ማረፊያ ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጎንደሩ የዐፄ ቴዎድሮስ ማረፊያ ግን አዘዞ በኩል ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ራሞን የሚባለው የኤላት ማረፊያ ከኤላት የሚርቀውን ያህል ማለት ነው። ፍተሻው፣ በረራው፣ ሻንጣ ጥበቃውና ታክሲው ሲደመር አራት ሰዓት ይሞላል። መኪናው ሦስት ሰዓት ነበር! ሰላም በሆነበት ዘመን እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል መሬቱ አየሩን ይቀድመው ነበር ማለት ነው።

«ሰላም በሆነበት ዘመን» እያልን የምንደጋግመው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ከባድ ውጊያ ሲነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዶች ተዘጉ፤ ወደ ጎንደር የሚሄደው በረራም ለተወሰኑ ቀናት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ወር የእስራኤል መንግሥት በጎንደርና በባሕር ዳር የነበሩ ከ200 በላይ ሰዎችን፣ ማለትም ለጉብኝትም ለሥራም ሄደው የነበሩ ዜጎችንና ወደ እስራኤል ለመምጣት የተፈቀደላቸውን ወገኖች፣ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው መንገዶች ላይ ተጓዦች እየታገቱ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል፤ መኪና ቁሙ ከተባለ ሦስቱ ሰዓት ሦስት ቀን ሊሆን ይችላል። ከውጭ የመጣ ሰው ደግሞ በልብሱም በሻንጣውም በአነጋገሩም ይታወቃል።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ከተሞች በመኪና ለማገናኘት ማሰብ የለበትም። ወደሚፈልገው ከተማ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይብረር። «ባሕር ዳር አንድ ቀን አድረን፣ ፏፏቴውን አይተን፣ በማግስቱ ጎንደር እንገባለን» የሚለው ዕቅድ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ዘመዶቻችሁ መንገዱ ደኅና ነው ቢሏችሁም እንኳ የነገሯችሁ ስለ ዛሬ ነው፤ እናንተ የምትሄዱት የዛሬ ወር ነው። የእስራኤል መንግሥት ለተጓዦች የሚያወጣውንም ማስጠንቀቂያ ከጉዞው በፊት ማየት አይቅር፤ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚሸጥላችሁም ሰው ማስጠንቀቂያ ወደ ወጣበት ቦታ ስትሄዱ ይከፍል እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

እናቶቻችን ለምን «ስንት ቀን?» ይላሉ

ልጅ «መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ለእናቱ ሲነግራቸው «እሱ ስንት ቀን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ይስቃል። የሚያስቅ ነገር ግን የለውም። በአገራችን ርቀት የሚለካው በጀምበርና በስንቅ ነበር፤ «ጠዋት ተነሥተህ ለማታ ትገባለህ»፣ «ሁለት አዳር ነው»፣ «የሦስት ቀን ስንቅ ይበቃሃል» ይባል ነበር። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጠንካራ እግረኛ ከባሕር ዳር ጎንደር ስድስት ቀን ይፈጅበታል። ይህን ያወቀ ሰው የሚይዘውን ዱቄት፣ የሚያድርበትን ቤት፣ ሰንበት የሚውልበትን መንደር ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። «180» የሚለው ቁጥር ግን ይህን አይነግረውም።

ከጎንደር እስከ መተማ ያለው የዛሬው መንገድም ከዚህ ከባሕር ዳሩ ርዝመት ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ሱዳን የወጡት ወገኖቻችን ግን በዚያ መንገድ ላይ በመኪና አልሄዱም። ሌሊት ሌሊት፣ ከወታደርና ከሽፍታ እየተሸሸጉ፣ በበረሃው እየዞሩ ሳምንታት ፈጀባቸው፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች አንድ ቀን ተኩል በማይሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ እስራኤል ገቡ። በረራው ራሱ 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለእነዚያ ሰዎች ረጅሙ ጉዞ ግን ይህ አልነበረም፤ ከጎንደር አውራጃዎች ተነሥተው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው አዲስ አበባ መድረሳቸው ነበር ረጅሙ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ጦርነቱ መንገዱን ሲቆርጠው ከዚያ ወዲያ የቀሩት ቀሩ። ስለዚህ እናታችሁ «ስንት ቀን?» ሲሉ አትሳቁ። መንገዱን ከእናንተ የበለጠ ያውቁታል።

ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

በርቀቱ ላይ ካልተሳሳታችሁ በሰዓቱ ላይ እንዳትሳሳቱ። ትኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ትኬቱ 10፡40 ካለ ረፋዱ ላይ በእኛ 4 ሰዓት ከ40 ማለት ነው እንጂ ከቀኑ 10፡40 አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው ማረፊያው ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎታል። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ እዚህ ያደገው የልጅ ልጅ ለአጎቱ ስልክ ደውሎ «በ7 ሰዓት እንደርሳለን፣ ተቀበሉን» ይላል፤ እሱ የፈለገው ጠዋቱን ነው። አጎት በእኛ አቆጣጠር ቀን በ7 ሰዓት ይመጣል፤ እንግዶቹ ግን ከጠዋት ጀምሮ አዘዞ ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰዓት ስትነጋገሩ ሁልጊዜ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» ብላችሁ ጨምሩ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራም ያታልላል። ትኬቱ «ሐሙስ 01፡30» ካለ፣ ይህ ረቡዕ አምሽታችሁ የምትሄዱበት ሌሊት ነው። ሐሙስ ማታ ቤን ጉሪዮን የሚደርስ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል። ደግሞም በእስራኤልና በኢትዮጵያ መካከል በበጋ የሰዓት ልዩነት የለም፤ እዚህ ሰዓቱ ለክረምት ሲመለስ ኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ሰንበትንም አስቡ። እዚህ በበጋ ሰንበት የሚገባው አምሽቶ ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለ ይመስለናል። ጎንደር ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓትና 1 ሰዓት መካከል ነው። ዓርብ ቀን በአዲስ አበባ የሚያዞር ትኬት የቆረጠ ሰው ሁለተኛው በረራ ሁለት ሰዓት ቢዘገይበት ሰንበት ቦሌ ላይ ይገባበታል። በክረምት ደግሞ ዝናብና ደመና በረራን ማዘግየታቸው የተለመደ ነው። ሽማግሌ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሐሙስ ዕለት ጎንደር ቢገባ ይሻለዋል።

ከየት ነው የምትወርዱት?

በመጨረሻ ስለ መንደሮቻችሁ። «ጎንደር እሄዳለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከከተማው ወዲያ የሚቀረው መንገድ አለው። ወለቃ ከከተማው በሰሜን በኩል 6 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ማረፊያው ደግሞ በደቡብ ነው። ስለዚህ ወለቃ የሚሄድ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። በዚያው መንገድ ወደ ወገራና ወደ ስሜን የሚዘልቅ ሰው እስከ ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር ያለውን ያህል ማለት ነው፤ ይህንን ግን የሚሄደው በመኪና ነው። ወደ ደምቢያ የሚሄድ ሰው ከአዘዞ ስለሚታጠፍ ከተማ መግባት አያስፈልገውም፤ ታክሲ ሲነጋገር ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን ያድናል። ወደ በለሳ የሚሄዱት ደግሞ ወደ ማክሰኝት መመለስ አለባቸው። ለእነዚህ የገጠር መንገዶች ሁሉ ከላይ ስለ ጸጥታ ያልነው በእጥፍ ይሠራል፤ ብዙ ሰዎች ዘመዶቻቸው ከገጠር ወደ ከተማ መጥተው እንዲገናኟቸው ማድረጉን መርጠዋል። የአባት መቃብር ግን ወደ ከተማ አይመጣም፤ ይህንን የሚፈልግ ሰው የሚነግሩትን ሰምቶ ቀኑን መጠበቅ ነው ያለበት።

ከፍታውም ይታሰብ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ከኔታንያ ወይም ከአሽዶድ የተነሣ ሰው አዲስ አበባ ሲወርድ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የሚቆመው። የባሕር ዳር ማረፊያ ወደ 1,820 ሜትር፣ የጎንደሩ ወደ 1,990 ሜትር ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ከመሄዳቸው በፊት የኩፓት ሖሊም ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒታቸውንም በእጅ ሻንጣ ይያዙት። የተላከው ሻንጣ በአዲስ አበባ ሲያዞር ሊዘገይ ይችላልና።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ከእስራኤል በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚሄድ መንገደኛ የአገር ውስጡ በረራ በቅናሽ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ሁለቱን በአንድ ትኬት ማስቆረጥ ሌላም ጥቅም አለው። አንደኛው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው የሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ነው። የሻንጣውም ክብደት በውጭ በረራው ልክ ይቆጠርላችኋል። ለየብቻ የቆረጠ ሰው ግን ቦሌ ላይ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ወደ አገር ውስጥ መስመር ወስዶ፣ እንደገና ያስመዝናል፤ ለዘመድ የያዘው ስጦታ በበዛ ቁጥር የሚከፍለውም ይበዛል።